መድኃኒቷን ያሳረፈችው የዘጌዋ ወዳጄ

ከተመለስሁ ወዲህ የሰፈሬ ሰው በጥያቄ መውጫ አሳጥቶኛል። «ጣና እውነት ባሕር ያክላል?» የሚለኝ አለ፤ «ዓሣውስ?» የሚለኝ አለ። እኛ ድሬዳዋ ላይ ወንዝ የምንለው ደቻቱን ነው፤ ደቻቱ ደግሞ አሸዋ ሆኖ ይከርምና አንድ ቀን በድንገት ጎርፍ ሆኖ ያስደነግጠናል። በዚያ ለለመደ ሰው ጣናን በአፍ መንገር ስላቃተኝ፣ እንደሄድሁበት ቀን በቀን ልጻፈው አልሁ። ለሽርሽር እንዳልሄድሁ ግን ከወዲሁ ይታወቅልኝ። የሄድሁት ይመኙሻልን ፍለጋ ነው።

ከይመኙሻል ጋር የተዋወቅነው አዲስ አበባ፣ የደም ካንሰር ሕሙማን መድኃኒት እስኪሰጣቸው የሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ነው። ሕመማችን አንድ ነው፤ ነጩን የደም ሕዋስ ያለ ልክ የሚያበዛ፣ ግን በየቀኑ እንክብሉን እየዋጡ ብዙ ዓመት አብረውት የሚኖሩት ዓይነት። እሷ የዘጌ ክርስቲያን ናት፤ እኔ ወረታ ከእስላም ነጋዴ ቤት ተወልጄ በትዳር ድሬዳዋ የቀረሁ። ሁለታችንም የጣና ዳር ልጆች መሆናችንን ስናውቅ ወንበሩ ጠበበን። ኋላ እሷ ባሕር ዳር መታከም ጀመረች፤ እኔም በስልክ አልለቀቅኋትም።

ዓምና የእኔ መድኃኒት መሥራት አቆመ። ሐኪሜ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «በደንብ ትውጫለሽ?» ብላ ነው። ሶላቴን እንኳ እንደ እንክብሌ በሰዓቱ ብሰግድ ኖሮ እያልሁ የምቆጭ ሰው፣ ቅር አለኝ። ኋላ ግን አስረድታኝ ወደ ሁለተኛው መድኃኒት አሸጋገረችኝ፤ አልሐምዱሊላህ ተሻለኝ። ዘንድሮ ደግሞ ተራው የይመኙሻል ሆነ። ከጥምቀት በፊት የተመረመረ ደሟ መድኃኒቱ እየከዳት መሆኑን አሳየ፤ ሐኪሟም ወደ ሁለተኛው ላሸጋግርሽ ብሎ ቀጠራት። አልሄደችም። ስደውልላት «ተይው፣ እኔ ዘዴ አግኝቻለሁ» ትለኛለች። ይህ «ዘዴ» የሚሉት ነገር አላስተኛኝ አለ። ይህ በሽታ ለጊዜው ዝም ብሎ ሊያታልል ይችላል፤ ካመረረ ግን አይመለስም። ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሰሞን ሊገቡ ነበርና፣ ጾም ሳይዘን ብዬ ባለቤቴን አስፈቅጄ ተነሣሁ።

ማክሰኞ

መንገዱ ስለማያስተማምን በአውሮፕላን ነው የሄድሁ፤ ከድሬ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር። አውሮፕላን ስትነሣ ዓይኔን ጨፍኜ ዱዓዬን ሳደርግ፣ ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ «ልጄ፣ ለሁላችንም ነው አይደል የምትለምኚው?» አሉኝ። «ለሁላችንም ነው አባቴ» ብላቸው ደስ ብሏቸው ተኙ።

ዓይኔን የጨፈንሁት ግን ለፍርሃት ብቻ አልነበረም። ይመኙሻልን እንዴት እንደማስረዳት አስብ ነበር። ሐኪሜ ለእኔ የነገረችኝ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ ኤ ቢ ሲ ቢ አንድ የሚባል ዘረመል አለ። ይህ ዘረመል አንድ ፕሮቲን ያሠራል፤ ፕሮቲኑ የሕዋሱ ሽፋን ላይ ተተክሎ፣ ባዕድ ነገር ሲገባ እየያዘ ወደ ውጭ ይመልሳል። ፓምፕ ይሉታል። አንጀታችን ላይ አለ፣ ጉበትና ኩላሊታችን ላይ አለ፣ አንጎላችንንም ከመርዝ ይጠብቃል። ያለ እሱ የበላነው ሁሉ በመረዘን ነበር። ነገር ግን የታመመው ሕዋስም ያው የሰው ሕዋስ ነውና ዘረመሉ አለው። መድኃኒት ሲወርድበት ከከረመው ውስጥ ፓምፑን ያበዛው ሕዋስ ይተርፋል፤ ተርፎም ይራባል። ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱ ገብቶ ሥራውን ሳይጀምር ይወጣል። በሽታው መድኃኒትን የሚቋቋምበት መንገድ ይህ ብቻ አይደለም፤ የእኔና የይመኙሻል ግን ይህ ሳይሆን አይቀርም ተብለናል።

አላህ ለጥበቃ የፈጠረው ነገር ለበሽታውም ጥበቃ መሆኑ ሲገርመኝ ባሕር ዳር ደረስን።

ባሕር ዳር እንደ ድሬ ባጃጅ የሞላባት ናት፤ የባጃጁ ሾፌር ግን እንደ ድሬው እየዘፈነ አይነዳም። ዘንባባው መንገዱን ይዞ ይሄዳል፤ ማታ ነፋሱ ከሐይቁ ሲመጣ ነጠላ ያስደርባል። እኛ በዚህ ወር ማታም መስኮት ከፍተን ነው የምንተኛ። ያረፍሁበት ፔንሲዮን ባለቤት ክርስቲያን ናቸው፤ ቂብላው ወዴት እንደሆነ ስጠይቃቸው አላወቁም። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና ከማዶ ያለውን ልብስ ሰፊ ሙሐመድን እጁን ይዘው አመጡት። ሰውዬው ከነሜትሩ ቆሞ «ወደ ቁም ሣጥኑ ነው» አለኝ። እሳቸውም ወዲያው ቁም ሣጥኑን «ፊትሽ ላይ ምን ይገተራል» ብለው አስነሡልኝ።

ረቡዕ

በጠዋቱ የሕዝብ ጀልባ ዘጌ ሄድሁ። ወረታ ተወልጄ ጣናን ከመኪና መስኮት እንጂ ከላዩ ሆኜ አይቼው አላውቅም ብል ማን ያምነኛል! ውኃው መሐል ላይ ዳርቻው ይጠፋል፤ ጎረቤቶቼ፣ ባሕር ያክላል ወይ ላላችሁኝ፣ ለእኔ አክሎብኛል። የጀልባውን ጠርዝ አንቄ ይዤ ስሄድ አንዲት የጌሾ ነጋዴ «እሜቴ፣ ብትለቂውም አይሄድብሽም» አለችኝና ጀልባው ሁሉ ሣቀ።

ስወርድ ጉድ ሆንሁ። እግሬን ወደ ድንጋዩ ስሰነዝር አንዱ ጫማዬ ሐይቁ ውስጥ ገባ። አንድ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው በመቅዘፊያው ሊይዘው ሲያባርረው፣ ጫማው ደግሞ እንደ ዳክዬ ሲሸሸው፣ ከላይ ከዛፉ ሥር ሣቅ ሰማሁ። ይመኙሻል ናት። ከስታለች፤ ሣቋ ግን ያው ነው።

«አንቺ ከድጃ! ድሬዳዋ አጥቁሮ ላከሽ?»

«አቦ ተይኝ፣ ጫማዬን ሐይቁ በላው።»

«አቦ አለች! ሙላት፣ ሰማህ? የወረታ ልጅ አቦ አለች!»

ጋሼ ሙላት ባሏ ናቸው፤ ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ። ዝግ ያለ ሣቅ ሣቁና የእሷን ኮንጎ ጫማ አወለቁላት፤ እኔ በኮንጎ፣ እሷ በባዶ እግሯ፣ በቡናው መካከል ወጣን። ዘጌ በሬ ተጠምዶ አይታረስም፤ ሁሉም ጫካ ነው፣ ጫካው ደግሞ ቡና ነው። ድሬ ላይ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ለግድግዳ የምንሄደው ሰዎች እዚህ ብንመጣ ፀሐይ ፍለጋ እንወጣ ነበር።

አሁን ስለ ምሳው ልንገራችሁ። ጋሼ ሙላት በማለዳ አውራ ዶሮ ታቅፈው፣ ለእኔ የሚበላ እንዲሆን፣ አፋፍ ከተማ ድረስ ሄደው በአንድ እስላም ባለ ሱቅ አሳርደዋል። ይመኙሻልም ምንም ያልነካው አዲስ ድስት ገዝታለች። ነገር ግን ቀኑ ረቡዕ ነው፤ እሷ ጾመኛ፣ ጎረቤቶቿ ጾመኛ፤ ፍስክም ቢሆን የእስላም ሥጋ አይቀምሱም። ወጡን የቀመሰ አንድም ሰው የለም።

«ጨዉን በግምት ነው የጨመርሁት» አለችኝ እንጀራውን እየዘረጋች፤ «እግዜር ይርዳሽ።»

እጇ ለጋስ ነው። አንድ ጉርሻ እንደዋጥሁ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እነሱ ሽሯቸውን ይዘው ሁለቱም ፊቴን ያያሉ።

«እንዴት ነው?» አሉኝ ጋሼ ሙላት።

«ጨው አላነሰውም» አልሁ። ውሸት አይደለም። እስከ አጥንቱ በላሁት፤ እንስራውም ጎደለ።

ማታ መግሪብ ሰግጄ ስልኬ ጮኸ፤ የእንክብሌ ሰዓት ነው። ቢስሚላህ ብዬ ዋጥሁና «አንቺስ?» አልኋት።

«የእኔ ሰዓት ሌላ ነው» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ሐሙስ

ጠዋት ቁርስ በላን፤ አልዋጠችም። ቀትር ሆነ፤ አልዋጠችም። ጋሼ ሙላት ሐይቁ ዳር መረብ ሲጠግኑ ይዣት ወረድሁና ፊት ለፊት ጠየቅኋት፤ «ይመኙሻል፣ መድኃኒትሽ የታለ?»

ጭንቅ አላላትም። እንዲያውም ኮራ አለች። «እስኪ ሙላትን ጠይቂው። ዓሣ መረብ ሲለምድ ምን ታደርጋለህ በይው።»

ጋሼ ሙላት ከመረቡ ቀና ሳይሉ፣ «ቀረሶ የሚሉት ዓሣ ብልጥ ነው» አሉኝ። «አንድ ቦታ መረብ ከደጋገምሽበት ይሸሻል። ያን ጊዜ መረቡን አንሥተሽ ውኃውን ታሳርፊዋለሽ። ተረሳስቶ ይመለሳል።»

«ሰማሽ?» አለች ይመኙሻል። «ዶክተሩ ሕዋሱ መድኃኒቱን ለምዶ እያስወጣው ነው አለኝ። እኔም መድኃኒቱን አነሣሁት። ይርሳው። ሲረሳው እመለስበታለሁ፤ አዲስ መድኃኒትም አላስቸግር።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከጥምቀት ማግስት።»

ጋሼ ሙላት መረቡን ከእጃቸው ጣሉት። ፊታቸው ተለውጦ «ትተሽዋል?» አሏት። «ማታ ማታ ውኃ የማቀብልሽ ታዲያ ለምንድን ነው?»

«ስለሚጠማኝ ነዋ» አለች፤ ሣቅ ግን አልመጣም። እሳቸው ተነሥተው ታንኳቸውን ይዘው ገቡ፤ ከሩቅ ሲቀዝፉ ጀርባቸው ብቻ ይታየን ነበር።

እኔ የቻልሁትን ተናገርሁ። መድኃኒቱ ሲቀር ፓምፑ አይረሳም፤ ማንም ሳይነካው በሽታው ይራባል እንጂ አልሁ። እኔ የገባኝ በኬላ ነበርና ኬላ መሰልሁላት፤ መንገድ ላይ ፍተሻ አለ፣ ዕቃውን አውርዶ ይመልሰዋል፣ ፈታሹ ሲበዛ ምንም አያልፍም። እሷ ግን ኬላ የምታውቀው በወሬ ነው።

«ኬላ ጉቦ ይበላል ይባላል» አለችኝ። «የእኔንም ጉቦ ስጪልኝ።»

እስከ ማታ ተሟገትን። «ፋሲካ ይለፍና እሄዳለሁ» ከሚለው አልነቃነቅ አለች። እኔ ደግሞ ከፋሲካ በፊት የሚሆነውን ፈራሁ። በመጨረሻ ያገኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ባሕር ዳር ድረስ እሸኝሻለሁ። ሸኝቼሽ እመለሳለሁ፤ ሆስፒታል እንዳትይኝ።»

ዓርብ

የጠዋቱ የሕዝብ ጀልባ ሞልቶ አመለጠን። ጋሼ ሙላት የሚያውቁት ባለ ጀልባ ጎብኚዎች ይዞ ስለነበር ጥግ ላይ አስገባን። ጎብኚዎቹ ከአዲስ አበባ የመጡ ባልደረቦች ናቸው፤ ሳቂታዎች። በመንገዳችን ሴት የማይገባባት አንዲት የገዳም ደሴት ላይ ወንዶቹ ሊወርዱ ቆምን። እኔና ይመኙሻል ጀልባው ላይ ቀረን። ከጎብኚዎቹ አንዷ ግን ጸጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ሱሪና ኮፍያ ያደረገች ልጅ ነበረች፤ ሥርዓቱን ሳታውቅ ከወንዶቹ መሐል ገብታ መንገዱን ተያያዘችው።

ጥቂት እንደሄዱ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ከዛፉ ሥር ተነሡ። አልጮሁም፣ አልተቆጡም። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እሷኑ ለይተው፣ በመቋሚያቸው ወደ ሐይቁ እየጠቆሙ «ልጄ፣ በዚህ በኩል ነይ» አሏትና እስከ ጀልባው ሸኝተው መለሷት። ቁጭ እስክትል ጠበቁ፤ ከኪሳቸው ቆሎ ዘግነው ሰጧት።

«ይቅርታ አባ፣ አላወቅሁም ነበር» አለች ልጅቱ አፍራ።

«ምን አጠፋሽ ልጄ። በረከት ይዘሽ ሂጂ» ብለው ወደ ዛፋቸው ተመለሱ።

እኔ ወደ ይመኙሻል ዞርሁ። የሰው ሃይማኖት በምሳሌ ማንሣት እፈራለሁና «ይቅር በይኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አልኋት። «እኚህ አባት አንድ ወር፣ ሁለት ወር ሴት ሳትመጣ ብትከርም፣ የሚረሱ ይመስልሻል?»

«ምን ይረሳሉ!» አለች ተቆጥታ። «ሥርዓቱ ነው እኮ። ሺህ ዓመት ቢሆንስ!»

«የሕዋስሽ በር ላይ ያለውም እንዲሁ ነው። ዓሣ አይደለም፣ አይረሳም። ሥራው ነው። ሥራው ደግሞ ደግ ሥራ ነው፤ አንጀትሽንና አንጎልሽን የሚጠብቅልሽ እሱ ነው። የታመመው ሕዋስ በር ላይ መቆሙ ነው የጎዳን።»

መነኩሴውን አየቻቸው፤ ልጅቱን አየቻት፤ ከልጅቱ ቆሎ ተቀብላ መቆርጠም ጀመረች። ወንዶቹ ተመልሰው ጀልባው ሲነሣ ነው የተነፈሰች።

«አዲሱንስ አያስወጣውም?»

ያልሆነ ተስፋ መስጠት አልፈለግሁም። «እሱንም ያስወጣል ብለውኛል። ግን አዲሱ ኃይለኛ ነው፤ አምልጦ የሚቀረው ጥቂቱም ሥራውን ይሠራል። እኔ ላይ ሠርቷል። አንቺ ላይ ይሠራል ብዬ አልምልልሽም፤ ቁጭ ብለሽ ከመጠበቅ ግን ይሻላል።»

«እንግዲያው እንሂድ» አለች ድንገት። ልቤ ደስ ሊለው ሲል፣ ቀጠለች፤ «ግን ስውጥ ነበር ነው የምለው። አቋርጫለሁ ካልሁ ‹ይቺ የማትውጥ ናት፣ ውዱን መድኃኒት ምን ታደርግበታለች› ብለው ይከለክሉኛል።»

«ዋሽተሽማ አይሆንም።»

«አንቺ ደግሞ! እግዜር የእስላም ንስሐ አባት ላከብኝ እንዴ!»

«ዛሬ ደምሽን ሲያዩት ነጩ ሕዋስ ከፍ ብሎ ያገኙታል። እየዋጥሽ ከፍ ካለ ሌላ ነገር ነው የሚመስላቸው። ለሌላ በሽታ ያክሙሻል።»

«ቢከለክሉኝስ? አንቺ ትሰጪኛለሽ?»

ይህን እንዳለች ባሕር ዳር ደረስን። የዓርብን ሶላት ወደብ አጠገብ ካለ ጥላ ሥር ዙህር አድርጌ ሰገድሁት፤ ስጨርስ እዚያው ቆማ ጫማዬን ትጠብቅልኛለች።

ሆስፒታል ሐኪሟ ወጣት ነው፤ ድካም ያለው ፊት። ደሟ ተወስዶ ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን አየና ግንባሩ ተኮማተረ። «እናቴ፣ ይህ ደግ አይደለም። መድኃኒቱን እየዋጡ ነው?»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ይመኙሻል ነጠላዋን ሁለቴ አስተካከለች።

«አልዋጥሁም» አለች። «ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ አሳርፌዋለሁ። እንዲረሳው ብዬ ነው። ዓሣም መረብ ሲለምድ...» ብላ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ቀረሶውን፣ ውኃ የሚያቀብሏትን ባሏን፣ አልቀረም።

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «የደንቢያ ልጅ ነኝ፣ እዚሁ ጣና ዳር» አለ። «አባቴም ውኃውን እንዲሁ ያሳርፉ ነበር።» ከዚያ ግን ድምፁን ከፍ አደረገ። «ለዓሣ ይሆናል! ለዚህ አይሆንም! አሁን ባይነግሩኝ ኖሮ በሽታው አፈትልኳል ብዬ ነገ አዲስ አበባ ልልክዎት ነበር። ይገባዎታል?»

«ይገባኛል ልጄ። ታዲያ ከለከልከኝ?»

ወረቀቶቹን ወደ ኋላ ገለጠ። የመጀመሪያው ምርመራ ከጥምቀት በፊት፣ በደንብ ስትውጥ ሳለ የተወሰደ ነው፤ መድኃኒቱ እንደከዳት ያን ጊዜውኑ አሳይቷልና ያ አይለወጥም አለን። አዲሱን ይጽፍላታል፤ ነገር ግን ስትውጥ በየቀኑ የሚያይላት ሰው ትጥራ።

«ባለቤትዎ?»

«እሱ አንዳንዴ ሐይቅ ላይ ያመሻል። ደግሞም ውኃ እያቀበለ ተታሏል።» ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። «እሷ ትሁን።»

«እኔ እኮ የምኖረው ድሬዳዋ ነው!»

«ስልክ ምን ሊሠራ ተፈጠረ? ውሸት ብናገር ከሺህ ኪሎ ሜትር የምትሰማ እሷ ብቻ ናት።»

ሐኪሙ ሣቀ፤ በዚያ ቀን መጀመሪያ ያየሁት ሣቁ ነው። ስሜን ጻፈ።

ቅዳሜ

አውሮፕላኔ ቀትር ላይ ነበር። ይመኙሻል ዓርብ ማታ ቤቷ ገብታ ሁሉን ነግራቸው ኖሮ፣ ጋሼ ሙላት በሌሊት ቀዝፈው መጥተው ፔንሲዮኑ በር ላይ ጠበቁኝ። ሐይቅ የገባው ጫማዬ ተገኝቷል፤ ውስጡ ቡና ሞልተው አመጡልኝ። «ሌላ ዕቃ አጣሁ» አሉ። ለይመኙሻል ሊናገሩ የፈለጉትን ሁሉ ለእኔ ተናገሩ፤ ያውም በሦስት ቃል፤ «እግዜር ይስጥሽ፣ እታለም።»

ድሬ ስወርድ ሙቀቱ ፊቴ ላይ እንደ ምድጃ በር ተከፈተ፤ የባጃጁ ሾፌር እየዘፈነ ወደ ቤት አደረሰኝ።

ከዚያ ወዲህ መግሪብ ሰግጄ ስነሣ ስልኩ ይጮኻል። «ስሚ» ትለኛለች፤ የብርጭቆው ድምፅ ይሰማኛል፣ ከዚያ ጉሮሮዋ ዋጥ ያደርጋል፣ ከዚያ «አለቀ» ብላ ትዘጋለች። ባለቤቴ ሰላምታ እንኳ የሌለው ጥሪ እያለ ይስቃል። ረመዳንም ሁዳዴም በዚህ አለፈ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ ደወለች፤ ግን «ስሚ» አላለችም። ብርጭቆም የለም። ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል፤ ምንጣፉ ላይ ተመልሼ ተቀመጥሁ።

«ይመኙሻል? ምነው? አልዋጥሽም?»

«ቆይ እንጂ አንቺ ሴትዮ፣ ላውራበት» አለች። «ከሐኪም ቤት መመለሴ ነው። ወርዷል አለኝ። የበዛው ነጩ ሕዋስ ወርዷል። ሁለት ጊዜ አስነበብሁት።»

«አልሐምዱሊላህ» አልሁ። ከወዲያ ጋሼ ሙላት በሩቅ «ንገሪያት፣ ንገሪያት» ሲሉ ይሰማኛል።

«ነገርኋት እኮ! በል ውኃውን አቀብለኝ» አለች፤ ከዚያ ወደ እኔ፣ «ስሚ።»

ብርጭቆው ተነሣ። ጉሮሮዋ ዋጥ አደረገ።